የአበርገሌ ፍየል፦ ሕመሟ፣ ስብራቷና ሞቷ

የአበርገሌ ፍየል ስሟን ያገኘችው የተከዜን ወንዝ ተከትሎ ከተዘረጋው ሞቃት ቆላ ነው። በዋግ ኽምራ በአበርገሌ፣ በዝቋላና በሰቆጣ ወረዳዎች፣ ወደ ትግራይ ሲዘለቅም በጣንቋ አበርገሌ ትረባለች። ቁመቷ አጠር፣ ሰውነቷ ጠንከር ያለ ነው፤ ጠጉሯ አጭር ሲሆን በመንጋው መካከል ጎልቶ የሚታየው መልክ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ከገደል አፋፍ ላይ የግራር ቅጠል ትቀነጥባለች፣ ከቁርቁራው እሾህ መካከል ለይታ ትበላለች። አምስት ወር አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ትወልዳለች፤ መንታ ብርቅ ነው። ስለዚህ አንድ ግልገል ሲሞት የእናቲቱ የወራት ድካም አብሮ ይቀበራል።

በዚህ አገር ፍየል ትታለባለች። ወተቷ ለሕፃናት ይሰጣል፣ የተረፈው ይናጣል። ወጠጤው ተሽጦ የልጆች ደብተርና ልብስ ይገዛበታል፤ ሙክቱ በዓል ሲደርስ ሰቆጣ ገበያ ይወጣል። ዝናብ አጥሮ ማሽላው ማሳ ላይ ሲከስም ቤተሰቡ እህል የሚሸምተው ፍየል ሸጦ ነው። ስለዚች ፍየል ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ሥጋዋ ጣዕምና ስለ ዋጋዋ ነው። ስለ አሟሟቷ የሚነገረው ጥቂት ነው፤ አርቢውን ሌሊት የሚያስነሳው ግን እሱ ነው። አብዛኛው ሞት የታወቀ ምክንያትና የታወቀ ወቅት አለው ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው።

ሞት ቀድሞ የሚገባው በግልገል በኩል ነው። የፍየል ግልገል ስትወለድ በሽታ የሚከላከልላት ነገር በደሟ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል፤ በእንግዴ ልጁ በኩል ከእናቷ አይተላለፍላትም። የምታገኘው ከእንገሩ ነው። አንጀቷ የእንገሩን መከላከያ እንዳለ ወደ ደሟ የሚያሳልፈው ደግሞ አንድ ቀን ለማይሞላ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋል። እናቲቱ ስምሪት ላይ ሳለች ከቁጥቋጦ ሥር ወልዳ ግልገሏ ሳትጠባ ከመሸባት፣ ከሳምንታት በኋላ በተቅማጥ ወይም በሳል የምትሞተው በዚያች በመጀመሪያ ቀን ምክንያት ሊሆን ይችላል። መውለጃዋ የደረሰችውን ለይቶ በቤት አካባቢ ማዋል፣ ግልገሏ እንደተወለደች አፍና አፍንጫዋን ጠርጎ ጡት ማስያዝ፣ እትብቷን በአዮዲን መንካት፣ እነዚህ ከብር ይልቅ ሰው በሰዓቱ እንዲገኝ የሚጠይቁ ናቸው።

እዚህ ላይ ከባድ ነገር አለ። ወተቱ አንድ ነው፤ ጠባቂው ሁለት። በቤቱ ያለው ሕፃን ወተት ይፈልጋል፣ ጉሮኖ ውስጥ ያለችው ግልገልም ትፈልጋለች። ድርቅ ባለበት ዓመት ለልጇ ብላ ጠበቅ አድርጋ ያለበችን እናት የሚወቅስ ካለ ያንን ቤት አያውቀውም። ቢሆንም በመጀመሪያው ሳምንት ጨርሶ አለማለብ፣ ከዚያም በኋላ አንዱን ጡት አልቦ ሌላውን ለግልገሏ መተው ብዙ ግልገል ያተርፋል።

ከዚያ የሚመጣው ወረርሽኝ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ባለሙያዎች ፒፒአር የሚሉት፣ ለከብቱ የደስታ በሽታ የቅርብ ዘመድ የሆነው የበግና የፍየል በሽታ ነው። ደስታ በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወደ አገራችን ገብቶ ከብቱን ጨርሶ ያንን የክፉ ቀን ዘመን ያመጣው ነው፤ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ከመላው ዓለም መጥፋቱ ተረጋግጧል። የፍየሉ ግን አሁንም አለ። መጀመሪያ ትኩሳት ይይዛታል፣ ትደበራለች፣ መመገብ ታቆማለች። ዓይኗና አፍንጫዋ እንደ ውኃ ያፈሳል፤ ፈሳሹ ወፍሮ ይደርቅና አፍንጫዋን ይደፍነዋል። አፏ ውስጥ ይቆስላል፣ ትንፋሿ ይከረፋል፤ ተቅማጥና ሳል ይከተላሉ፤ ያረገዘችው ትጨነግፋለች። ክትባት ባላገኘ መንጋ ከታመሙት ከግማሽ በላይ ሊያልቅ ይችላል። የዳነችው በሕይወቷ ሙሉ ድጋሚ አይይዛትም።

ሌላው የፍየል ሳንባ ነው፤ አርቢው ከፒፒአር ጋር ሊያምታታው ይችላል። ሳንባ የያዛት ፍየል የፊት እግሮቿን አራርቃ፣ አንገቷን ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ ትቆማለች፤ ትስላለች፣ ታቃስታለች። ተቅማጥ የለባትም፤ አጠገቧ ያሉት በጎችም አብዛኛውን ጊዜ ደህና ናቸው። ልዩነቱን ማወቅ ነፍስ ያድናል። የፍየል ሳንባ ገና ሲጀምር ከተደረሰበት በአንቲባዮቲክ ይታከማል። ፒፒአር ግን በቫይረስ የሚመጣ ነው፤ ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለውም፤ ባለሙያው የሚሰጠው መርፌ ተደርቦ የሚመጣውን የሳንባ ቁስለት ለማከም ነው፤ ባለቤቱም ውኃና ለስላሳ ቅጠል በማቅረብ ያግዛታል።

ሁለቱም በትንፋሽና በቅርብ ንክኪ ይተላለፋሉ። ስለዚህ የአርቢው የመጀመሪያ መድኃኒት መለየት ነው፦ የታመመችውን ከጉሮኖው ማውጣት፣ የምትጠጣበትን ገንዳ መለየት፣ ከገበያ የመጣችውን ሦስት ሳምንት ለብቻዋ ማሳደር። የአበርገሌ በጋ ይህን ያከብደዋል፤ ምንጮች ሲደርቁ የየሰፈሩ መንጋ አንድ ውኃ ላይ ይገናኛልና።

ክትባት አለ፤ አገር ውስጥ ይመረታል። በ1964 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው የቢሾፍቱው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የፒፒአርንም፣ የፍየል ሳንባንም፣ የፈንጣጣንም ክትባት ይሠራል። የፒፒአሩ አንድ ጊዜ በትክክል ከተሰጠ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይከላከላል። ችግሩ መንገዱ ነው። ክትባቱ ከቢሾፍቱ እስከ ሰቆጣ፣ ከሰቆጣ ደጋ ወርዶ እስከ አበርገሌ ቀበሌዎች ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ መድረስ አለበት። የክትባቱ ዱቄት ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ ሙቀት ቶሎ ይገድለዋል። ባለሙያው ብልቃጡን ከበረዶ ሣጥኑ አውጥቶ ሲበጠብጥ ፍየሎቹ ተሰብስበው ካልጠበቁት፣ የሚወጋው ውኃ ብቻ ይሆናል። መንጋውን ጎሕ ሲቀድ፣ ለስምሪት ሳይወጣ፣ አንድ ቦታ አሰባስቦ መጠበቅ የአርቢው ድርሻ ነው። በረዶውንና መኪናውን በወቅቱ ማድረስ የመንግሥት ድርሻ ነው፤ በዚህ በኩል የሚታየው መዘግየት ሰበብ የሚፈለግለት አይደለም።

ሁሉም በወረርሽኝ አይሞትም። የሆድ ትል ቀስ ብሎ ይገድላል፤ ደም ስለሚመጥ። ይህን ለማወቅ የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣት ዝቅ አድርጎ ማየት ነው፦ ውስጡ ደማቅ ቀይ ከሆነ ደህና ናት፤ ገርጥቶ ወደ ነጭ ከሄደ የትል መድኃኒት ዛሬውኑ ያስፈልጋታል።

ስብራትም አለ። ገደል ላይ የምትውል ፍየል ድንጋይ ሲከዳት ትወድቃለች፤ ቀበሮ ሲያባርራትም እግሯ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይሰበራል። ወጌሻው መጀመሪያ በጣቶቹ ይዳስሳል። አጥንቱ ቆዳ ካልበሳና ስብራቱ ከጉልበት በታች ከሆነ ተስፋ አለው። እግሩን ጎትቶ ያቃናል፣ ለስላሳ ጨርቅ ይጠቀልልበታል፣ ከዚያ የእንጨት ስንጥር ግራና ቀኝ ደግፎ ከስብራቱ በላይና በታች ያለውን መጋጠሚያ ጨምሮ ያስረዋል። በማግስቱ ኮቴዋን ይነካል፤ ከቀዘቀዘ ወይም ካበጠ እስሩ ጠብቋልና ይላላል። ግልገል ከሆነች በሦስትና በአራት ሳምንት ትረግጥበታለች። የጭን ስብራት ግን የወጌሻውም የባለሙያውም እጅ ብዙ ጊዜ አያድነውም፤ ስትሰቃይ ከምትከርም ፈጥኖ ማረድ ርኅራኄ ነው።

ስለ ማረድ ካነሣን አንድ ማስጠንቀቂያ ግድ ነው። በክት አይበላም። ስለዚህ ብዙ ሰው ፍየሏ ልትሞት ስትቃረብ ነፍሷ ሳይወጣ ይደርስባትና ያርዳታል፤ ያላት ዋጋ እንዲሁ እንዳይጠፋ ነው፤ ችግሩ ይገባኛል። ነገር ግን በድንገት የወደቀች፣ ከአፍንጫዋ ወይም ከኋላዋ የማይረጋ ጥቁር ደም የሚፈሳት ፍየል አባሰንጋ ይዟት ይሆናል። አትታረድም፣ አትገፈፍም፣ አትበለትም። አባሰንጋ ከገፋፊው እጅ ቁስል ገብቶ ሰው ይገድላል፤ አፈር ውስጥም ለብዙ አሥርት ዓመታት ይቆያል። ከነቆዳዋ በጥልቅ ጉድጓድ ትቀበር፣ የቀበሌው ባለሙያም ይነገረው።

አንዳንዱ እልቂት ደግሞ ከአንድ አርቢ አቅም በላይ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ከአበርገሌ የተፈናቀሉ ሰዎች መንጋቸውን ጥለው ወይም ተዘርፈው ሰቆጣ መጠለያ ውስጥ ከርመዋል። ጥቂት ቆይቶ በ2016 ዓ.ም. ዋግ ኽምራን የመታው ድርቅ የተረፈውን እንስሳ ጎዳው። እያንዳንዷን በመልኳና በድምጿ ለይቶ ያሳደገ እረኛ ባዶ ጉሮኖ ሲያይ የሚሰማው ሐዘን እውነተኛ ሐዘን ነው። ለሰው ሞት ለቅሶ አለ፣ እዝን አለ፤ ለዚህኛው ግን የሚያስተዛዝን ሥርዓት የለም፤ ሰውየው ለብቻው ይችለዋል።

ያለው ማጽናኛ ርቢ ነው። ያለው ለሌለው እንስት ፍየል ይሰጠዋል፣ የሚወለደውን ይካፈላሉ። ከውጭ የሚመጣ እርዳታም ይህን መንገድ ቢከተል መልካም ነው፤ ከሌላ አየር ጠባይ በጭነት መኪና የመጣ ፍየል ቆላውን አይችልም፣ በሽታም ይዞ ሊገባ ይችላል። የሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፉ የግብርና ምርምር ማዕከል ከኢካርዳ ጋር ሆኖ አርቢዎች ራሳቸው አውራውን በጋራ መርጠው የሚያራቡበትን ሥራ በአበርገሌ ፍየል ላይ ሠርቷል፤ ዘሯን እዚያው አገሯ ላይ የሚያቆያት እንዲህ ያለው ነው።

አዲስ አበባም ሆነ ውጭ አገር ሆናችሁ አበርገሌ ለቀረ ዘመድ ፍየል መግዣ የምትልኩ፣ ከመላካችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁልን፦ የቀበሌው ክትባት በዚህ ዓመት መቼ ተሰጠ? አዲሷ ፍየል ሦስት ሳምንት ለብቻዋ የምታድርበት ቦታስ ተዘጋጅቷል? መልሱ የለም ከሆነ የመጀመሪያው ብር ለዚያ ይሁን።