ስልኩ መቼ ዝም ይበል? ዐውድን ለኮምፒዩተር የማስረዳት ጥበብ

አንድ ሐኪም ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲገባ ስልኩ በራሱ ጊዜ ድምፁን ያጠፋል እንበል። ስልኩ ይህን የሚያደርገው በሐኪሙ ካባ ላይ ያለው የመታወቂያ ባጅ በየጊዜው ከሚልከው ምልክት ተነሥቶ ነው። ሐኪሙ ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ካባውን ከነባጁ በክፍሉ ውስጥ ሰቅሎ ይሄዳል። በዚህ መካከል ከድንገተኛ ክፍል ይደወላል፤ የሚያነሣ ግን ይጠፋል። ስልኩ አልተበላሸም፤ የታዘዘውንም በትክክል ፈጽሟል። የተሳሳተው ስለ ባለቤቱ ሁኔታ የያዘው ዕውቀት ነው።

ለመሆኑ አንድ ሶፍትዌር ስለ አካባቢው ምን ሊያውቅ ይችላል? ያወቀውንስ እንዴት መዝግቦ ይይዘዋል? ምን ያህልስ ሊያምነው ይገባል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ጥያቄዎች በአጭሩ ማብራራት ነው።

ከጠረጴዛ ወደ አካባቢ

እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ የዜሮክስ ፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል ባልደረባ የነበረው ማርክ ዋይዘር በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። የወደፊቱ ኮምፒዩተር በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ትኩረታችንን የሚሻ መሣሪያ ሳይሆን በግድግዳ፣ በበር፣ በልብስና በዕቃ ውስጥ ገብቶ ሳናስተውለው የሚያገለግለን እንደሚሆን ተነበየ። ይህ አስተሳሰብ ከጊዜ በኋላ ፔርቬሲቭ ኮምፒዩቲንግ፣ ማለትም በየሥፍራው የተሠራጨ ኮምፒዩተር፣ የሚለውን ስያሜ ያገኘው የምርምር መስክ መሠረት ሆነ።

በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ የሚገኘው የኦሊቬቲ የምርምር ላቦራቶሪ አክቲቭ ባጅ የተባለውን መሣሪያ ሠራ። በልብስ ላይ የሚለጠፈው ይህ ባጅ በየ15 ሰከንዱ የራሱ መለያ ያለው የኢንፍራሬድ ምልክት ይልክ ነበር። በየክፍሉ የተተከሉ ሴንሰሮች ምልክቱን ይቀበላሉ፤ የስልክ ኦፕሬተሯም የተደወለለት ሰው ወዳለበት ክፍል ጥሪውን ታስተላልፋለች። ሆኖም ሥርዓቱ የሚያውቀው ባጁ ያለበትን ቦታ እንጂ ሰውየው ያለበትን አልነበረም። የሐኪማችን ችግር የሚመነጨውም ከዚህ ልዩነት ነው።

ዐውድ ምንድን ነው?

አኒንድ ዴይና ግሪጎሪ አባውድ እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቡት ትርጓሜ እስከ ዛሬ ድረስ በሰፊው ይሠራበታል። በእነርሱ አገላለጽ ዐውድ ማለት ከተጠቃሚውና ከፕሮግራሙ ግንኙነት ጋር አግባብ ያለውን ሰው፣ ቦታ ወይም ዕቃ ሁኔታ ለመግለጽ የሚያገለግል መረጃ ሁሉ ነው። ቦታ፣ ሰዓት፣ ሙቀት፣ አብሮ ያለ ሰው፣ በመከናወን ላይ ያለ ተግባር፣ ሁሉም ዐውድ ሊሆኑ ይችላሉ።

ይህን መረጃ ለመመዝገብ ቀላሉ መንገድ «ቦታ = ቀዶ ሕክምና ክፍል» ብሎ ስምና ዋጋን አጣምሮ መጻፍ ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው መዝገብ መረጃው መቼ እንደተገኘ፣ ማን እንደተናገረውና ምን ያህል እንደሚታመን አይገልጽም።

ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው?

ዳኛ ምስክርን ሲመረምር «ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው?» ብሎ መጠየቁ የተለመደ ነው። ካረን ሄንሪክሰን፣ ያድቪጋ ኢንዱልስካና አንድሪ ራኮቶኒራይኒ እ.ኤ.አ. በ2002 ያቀረቡት ሞዴል ሶፍትዌርም ይህንኑ እንዲጠይቅ የሚያደርግ ነው። ሞዴሉ የዐውድ መረጃን እንደ አመጣጡ በአራት ይከፍለዋል። የመጀመሪያው የማይለወጥ መረጃ ነው፤ ለምሳሌ የአንድ መሣሪያ ዓይነት። ሁለተኛው በሴንሰር የተለካ ነው፤ ቶሎ ይለዋወጣል፣ ቶሎም ያረጃል። ሦስተኛው ተጠቃሚው ራሱ የሞላው ነው፤ ሲሞላ ትክክል ቢሆንም ባለቤቱ ማደሱን ሊዘነጋ ይችላል። አራተኛው ከሌሎች መረጃዎች በስሌት የተገኘ ነው፤ የመነሻዎቹን ስሕተት ሁሉ ይወርሳል።

በዚህ መሠረት «ባጁ በክፍል 3 ነው» የሚለው የተለካ መረጃ ሲሆን «ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ላይ ነው» የሚለው ግን ከዚያ የተገመተ ነው። ሁለቱን በእኩል ማመን ስሕተት ነው።

ትርጉምን መግለጽና ዋጋው

እ.ኤ.አ. በ2004 ቶማስ ሽትራንግና ክላውዲያ ሊንሆፍ-ፖፒየን የሞዴል ዘዴዎችን በስድስት ከፍለው ካነጻጸሩ በኋላ ለኦንቶሎጂ ቅድሚያ ሰጡ። ኦንቶሎጂ የነገሮችን ምንነትና ዝምድና ለኮምፒዩተር በሚገባው ቋንቋ የሚገልጽ ሥርዓት ነው። «ክፍል 3 የቀዶ ሕክምና ክፍል ነው»፣ «በቀዶ ሕክምና ክፍል ስልክ አይጮኽም» የሚሉትን አገናኝቶ አዲስ ድምዳሜ ለማውጣት ያስችላል። ነገር ግን መረጃው በበዛ ቁጥር የማገናዘቡ ሥራ ጊዜና ሜሞሪ ይፈጃል። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ደጀኔ እጅጉ በፈረንሳይ ሊዮን ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ያቀረበው ጥምር ዘዴ የዚህ ችግር አንዱ መልስ ነው፤ ብዛት ያለው መረጃ በዳታቤዝ ይቀመጣል፣ ትርጉሙና ደንቡ ደግሞ በኦንቶሎጂ ይያዛል።

ወደ ሐኪሙ እንመለስ

የባጁ ምልክት ለ60 ሰከንድ ቢቋረጥ፣ ማለትም አራት ምልክቶች ቢቀሩ፣ ስልኩ መረጃው እንዳረጀ ዐውቆ መጮኽ ይችላል። ይሁንና የተሰቀለው ባጅ በየ15 ሰከንዱ ትኩስ ምልክት መላኩን አላቋረጠም። ስለዚህ ትኩስነት ብቻውን ለእውነትነት ዋስትና አይሆንም። ሁለተኛ ምስክር ያስፈልጋል፤ የስልኩ የእንቅስቃሴ ሴንሰር «ባለቤቴ እየተራመደ ነው» ይላል። መልካም ሞዴል አንዱን በሌላው ላይ አይደመስስም፤ ሁለቱንም ከነምንጫቸው ይዞ መቃረናቸውን ያሳያል። ከዚያ በኋላ የትኛው ስሕተት ይብሳል የሚለውን የሚወስነው ደንቡን የጻፈው ሰው ነው፤ ያለ ቦታው የጮኸ ስልክ ያስቆጣል፣ ያልተሰማ የድንገተኛ ጥሪ ግን ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

በዛሬው ጊዜ በኪሳችን የያዝነው ስልክ ቦታን፣ እንቅስቃሴንና ብርሃንን ይለካል። ሴንሰር መጨመር ቀላል ሆኗል። የነገው የሶፍትዌር ባለሙያ ሊማረው የሚገባው መሣሪያው የሚያውቀውን ከሚገምተው ለይቶ እንዲይዝ ማድረግን ነው።