ሁለተኛው ሰው ባይኖርስ?

ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ቦን በ1895 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው ከሕዝብ መሐል ሲገባ ልቡናውን ይስታል፣ ስሜትም እንደ ተስቦ ከአንዱ ወደ ሌላው ይጋባል ሲል ጻፈ። ሐሳቡ ለገዥዎች ምቹ ነበር። አደባባይ የወጣው ሁሉ አብዷል ከተባለ፣ ምን ፈልጎ ወጣ ብሎ መጠየቅ ምን ያደርጋል?

አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ማርክ ግራኖቬተር በ1978 ነገሩን በሌላ መንገድ አየው። ጥያቄው ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ሰው ስንት ሰው ሲጀምር ይከተላል? መቶ ሰዎች አንድ አደባባይ ላይ ቆመዋል እንበል። የመጀመሪያው ማንንም ሳይጠብቅ መስኮት ይሰብራል። ሁለተኛው አንድ ሰው ሲያይ፣ ሦስተኛው ሁለት ሲያይ ይቀጥላል፤ መቶኛው ግን 99ኙም ካልገቡ እጁን አያነሳም። በዚህ ስሌት ሁሉም ይገባሉ።

አሁን ሁለተኛውን ሰው ብቻ አውጥተን፣ ሁለት ሰው ካላየ የማይነቃነቅ እንተካ። የመጀመሪያው መስኮቱን ይሰብራል። ሁለት ሰው የሚጠብቁት ሁለቱ ይተያያሉ። አለቀ! ጋዜጣው በአንደኛው አደባባይ ሕዝብ ዐመፀ፣ በሌላኛው አንድ ወፈፌ መስኮት ሰበረ ብሎ ይዘግባል፤ የሰዎቹ ልብ ግን ከአንዱ በቀር ያው ነው።

ይህ ስሌት በታሪክም ይታያል። በያኔዋ ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ፣ ላይፕዚግ ከተማ፣ በኒኮላይ ቤተ ክርስቲያን ሰኞ ሰኞ የሰላም ጸሎት ይደረግ ነበር። በ1989 ሴፕቴምበር ላይ ከጸሎቱ በኋላ ጥቂቶች ለሰልፍ ወጡ፤ የታሰሩም ነበሩ። በየሳምንቱ ግን ቁጥራቸው ጨመረ። ኦክቶበር 9 ጥይት ይተኮሳል የሚል ወሬ ከተማውን ሞልቶት ሳለ፣ 70 ሺህ ያህል ሰው ወጣ። ብዙዎቹ ሻማ ይዘዋል። የያኔው የቤተ ክርስቲያኑ ፓስተር ክርስቲያን ፉረር እንዳሉት ሻማ ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ አንዱ ይይዘዋል፣ ሌላው ከነፋስ ይከልለዋል፤ ለድንጋይ የሚተርፍ እጅ የለም። አልተተኮሰም። በወሩ የበርሊን ግንብ ተከፈተ።

ቲሙር ኩራን የተባለ ምሁር፣ ይህ የሕዝብ መነሣት ለምን ሁሉንም እንዳስደነገጠ ሲያስረዳ፣ ሰው ተቃውሞውን በሆዱ ይዞ ይኖር ስለነበር ጎረቤቱም እንደ እርሱ ማሰቡን አያውቅም ነበር ይላል።

የግራኖቬተር ስሌት ግን የሚጎድለው ነገር አለ፤ ሰዎቹን የማይተዋወቁ አድርጎ ይቆጥራል። ዳግ ማክአዳም የተባለ ምሁር ደግሞ፣ ጥቁሮችን በመራጭነት ለማስመዝገብ በ1964 ወደ አሜሪካዋ ሚሲሲፒ ግዛት ለመሄድ ያመለከቱ ወጣቶችን ቅጾች መረመረ። በእምነታቸው ጽናት፣ የሄዱትና ሐሳባቸውን ቀይረው የቀሩት እምብዛም አይለያዩም። የሄዱት ግን አብረዋቸው የሚሄዱ የቅርብ ጓደኞች ከቀሩት ይበልጥ ነበሯቸው።