የባሌ ደጋ ባለጉዳይና የሕዝብ እንባ ጠባቂ

ሕዝብና መንግሥት የሚተዋወቁት በታላላቅ በዓላት ቀን ብቻ አይደለም። ይልቁንም ባለጉዳዩ በቀበሌው ደጃፍ ቆሞ ወረቀቱ እስኪፈረምለት ሲጠብቅ፤ ሕመምተኛውም በጤና ጣቢያው በር ተቀምጦ ተራውን ሲቈጥር፤ መንግሥት ማለት ምን እንደ ሆነ የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው። በዚያ ቀን በቅን ቃል የተስተናገደ ሰው አገሩን ያመሰግናል። ያለ ምክንያት የተመለሰ ሰው ግን ቅሬታውን በልቡ ይዞ ይሄዳል፤ በልብ የተያዘ ቅሬታም ሰሚ ካላገኘ እየከረረ ይሄዳል።

ይህ ነገር ከሌላው አገር ይልቅ በባሌ ደጋ ጐልቶ ይታያል። የዞኑ ዋና ከተማ ሮቤ ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የቀድሞው የባሌ ጠቅላይ ግዛት ርእሰ ከተማ የነበረው ጎባም ከሮቤ ወደ ደቡብ ጥቂት እልፍ ብሎ ከተራራው ግርጌ ተቀምጧል። ከጎባ በላይ የሰነቴ አምባ አለ፤ በዚያም ቱሉ ዲምቱ እስከ 4,377 ሜትር ከፍ ይላል። ከአምባው ማዶ፣ ከሐረና ደንና ከደሎ መና በኩል ወደ ጎባ የሚመጣ ሕመምተኛ ይህን ብርድና ዳገት ማለፍ አለበት። ስለዚህ «ዛሬ የለም፤ ነገ ተመለስ» የሚለው ቃል ለከተማው ሰው የአንድ ቀን መጕላላት ሲሆን፣ ለእርሱ ግን የመንገድ ገንዘብ፣ የሥራ ቀን፣ አንዳንዴም የሕይወት ጉዳይ ነው።

በአገራችን የጤና አገልግሎት ሥርዓት በደረጃ የተሠራ ነው። በገጠር ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚሆን ሕዝብ፤ ጤና ጣቢያ እስከ 25,000 ለሚሆን ሕዝብ እንዲያገለግል ተወስኗል። ከዚያ በላይ ሆስፒታሎች አሉ፤ በጎባም የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ይገኛል። ደግሞም በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ብዙ ወረዳዎችን አዳርሷል። ገበሬው ገና ሳይታመም የዓመት መዋጮውን ይከፍላል፤ ይህን የሚያደርገውም በታመመ ጊዜ ሕክምናና መድኀኒት እንዲያገኝ በተሰጠው ቃል ታምኖ ነው። ቃሉ ሳይፈጸም የቀረ እንደ ሆነ አቤት የሚልበት ስፍራ ሊኖረው ይገባል።

ለዚህም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የእንባ ጠባቂ ተቋምን እንዲያቋቁም አዘዘ፤ ተቋሙም በ1992 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቍጥር 211 ተመሠረተ። አዋጁም በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1142 ተሻሽሏል። ሐሳቡ በውጭ አገር ከስዊድን የመጣ ነው፤ በዚያ አገር እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1809 ዓ.ም. ፓርላማው የሹማምትን ሥራ የሚመረምር ሰው እንዲሾም በሕገ መንግሥት ተጽፏል። ስሙ ግን የራሳችን ነው። የድኻ እንባ በከንቱ መሬት እንዳይወድቅ የሚጠብቅ ሰው እንዲኖር መመኘት በዚህ አገር የቈየ ነገር ነውና። በቀድሞው ዘመንም ባለጉዳይ ከሹም ሹም አልፎ በዙፋን ችሎት «አቤት» ይል ነበር፤ ያ ችሎት ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ ጋር ቀርቷል።

የምርመራው አካሄድ እንደሚከተለው ነው። አቤቱታ ያለ ክፍያ ይቀርባል፤ በጽሑፍም ሆነ በቃል ሊሆን ይችላል። የተበደለው ራሱ ባይችል የትዳር ጓደኛው፣ ቤተ ዘመዱ ወይም ወኪሉ ሊያቀርብለት ይችላል። እንግዲህ አንድ የመድን አባል የሆነ ገበሬ መዋጮውን ከፍሎ ሳለ መድኀኒቱን ከውጭ ግዛ ተባለ እንበል። መርማሪው የገበሬውን ቃል ብቻ ሰምቶ አይፈርድም። የመድኑን መታወቂያና የክፍያ ደረሰኝ፣ ሐኪሙ የጻፈውን ወረቀት፣ የመድኀኒት ግምጃ ቤቱን የገቢና የወጪ መዝገብ ጠይቆ ቀን ከቀን ያመሳክራል፤ ኀላፊዎቹንም ጠርቶ መልሳቸውን ይሰማል። በዚያ ቀን መድኀኒቱ በግምጃ ቤት ሳለ ተከልክሎ እንደ ሆነ የአስተዳደር በደል ይባላል። ለጤና ጣቢያው መከፈል ያለበት ገንዘብ ዘግይቶ መድኀኒቱ ሳይገዛ ቀርቶ እንደ ሆነ ግን ጥፋቱ ከመስኮቱ ሠራተኛ ሳይሆን ከበላዩ መሥሪያ ቤት ይፈለጋል። ስለዚህ ምርመራ በዳይን ብቻ ሳይሆን በሐሰት የታማውንም ያወጣል።

ጥፋት ከተገኘ ተቋሙ አስቀድሞ ነገሩን በስምምነት ለመጨረስ ይሞክራል። ይህ ካልሆነ በደሉ እንዲታረም፣ ድርጊቱም እንዲቆም የመፍትሔ ሐሳብ ጽፎ ለሚመለከተው ኀላፊ ይልካል። ነገር ግን እንባ ጠባቂው ዳኛ አይደለም። በፍርድ ቤት የተያዘ ነገር አይመረምርም፤ ምክር ቤቶች ሕግ በማውጣት ሥልጣናቸው የወሰኑትንም አይነካም። ኀይሉ ያለው በመዝገቡ እውነተኛነትና ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚያቀርበው ሪፖርት ነው። የተላከለትን የመፍትሔ ሐሳብ በሣጥን ቈልፎ የሚያስቀምጥ ሹም እንግዲህ የአንድን ገበሬ አቤቱታ ብቻ ሳይሆን የሕጉንም ሐሳብ ቈልፎ አስቀመጠ ማለት ነው።

አቤቱታ ሳይሰማ ሲቀር የሚመጣውን ነገር ባሌ ራሷ ታውቀዋለች። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ገበሬው በግብርና በመሬት ነገር፣ በሹማምትም በደል ተማርሮ አመፀ። ከአመፁ መሪዎች አንዱ ዋቆ ጉቱ በ1962 ዓ.ም. እጃቸውን እስኪሰጡ ድረስም ለብዙ ዓመት ደም ፈሰሰ። ለዚያ ዘመን ነገር ሌላም ምክንያት ነበረው፤ ሆኖም ግብር ከፋዩ የተነጠቀበትን ርስት በቅርብ የሚመረምርለት፣ ከከሰሰው ሹም የተለየ ሰሚ ቢያገኝ ኖሮ የነገሩ መጠን ያን ያህል ባልሰፋ ነበር ማለት ይቻላል። አቤቱታን መመርመር ለድኻው ብቻ ሳይሆን ለመንግሥቱም ጥበቃ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ በየወረዳው ያሉ ሹማምት ከሁሉ አስቀድመው ሊያደርጉት የሚገባ ነገር ቀላል ነው። ባለጉዳይን የሚመልሱበትን ምክንያት በጽሑፍ ይስጡ፤ ቀኑንና ስማቸውንም ይጻፉበት። በቃል ብቻ የተመለሰ ሰው የሚያሳየው ማስረጃ የለውም፤ መርማሪውም ከሮቤም ሆነ ከአዲስ አበባ ሲጠይቅ የሚያገኘው የሁለት ሰዎችን ክርክር ብቻ ይሆናል። አቤቱታ አቅራቢውም የከሰሰው ሹም ነገ ደግሞ የሚፈርምለት ሰው መሆኑን ያውቃልና እንዳይበቀሉት ሊጠበቅ ይገባዋል።

የቤተ ክርስቲያን አባቶች፣ ሼኾችና የአገር ሽማግሌዎችም ድርሻ አላቸው። ማንበብ የማይችለው ሰው የሚያምናቸው እነርሱን ነውና፤ አቤቱታ በነጻ እንደሚቀርብ ይንገሩት፤ ያየውንም ሳይጨምርና ሳይቀንስ እንዲናገር ይምከሩት። በወንጌል የተጻፈችው መበለት በዳኛው ደጅ ደጋግማ በመመላለስ ፍርድ አገኘች። ነገር ግን ዳኛው በዚያ ምዕራፍ ስለ ጽድቁ አልተመሰገነም። ሹም የሚመሰገነው መበለቲቱ በመጀመሪያው ቀን ጉዳይዋን ፈጽማ ወደ ቤትዋ ስትመለስ ነው።