ባዶ የፀረ-ተባይ ዕቃዎች አወጋገድ



ርጭት ሲያበቃ በማሳዎ ዳር የሚቀረው ጠርሙስና ጄሪካን ባዶ ይመስላል እንጂ ባዶ አይደለም። በውስጡ የተጣበቀው ቅሪት በውሃ ያልተበጠበጠ መርዝ ነው። ጄሪካኑ ጠንካራ በመሆኑ ለውሃ፣ ለጠላ ወይም ለዘይት መያዣ የሚያደርጉት አሉ። መርዙ ግን ወደ ፕላስቲኩ ስለሚሰርግ በሳሙናም ሆነ በአመድ ቢታጠብ ለምግብና ለመጠጥ አይሆንም።

ሦስት ጊዜ ማጠብ

እጥበቱ የሚከናወነው ማሳው ላይ፣ መድኃኒቱ በሚበጠበጥበት ሰዓት ነው። ካደረ ቅሪቱ ይደርቃል፤ ኋላ በቀላሉ አይለቅም።

1. ጓንት አድርገው ዕቃውን በመርጫው ላይ ዘቅዝቀው ጠብታው እስኪያቆም ይያዙ።
2. የዕቃውን ሩብ ያህል ንጹህ ውሃ ይጨምሩ፤ ከድነው ለ30 ሰከንድ ይነቅንቁ።
3. እጣቢውን ወደ መርጫው ይገልብጡ። ይህንኑ በድምሩ ሦስት ጊዜ ያድርጉ።
4. ማንም መልሶ እንዳይጠቀምበት የዕቃውን ታች በምስማር ይብሱ።

የእጣቢው ውሃ ለርጭቱ ከሚያስፈልገው ውሃ ላይ ይታሰባል። በዚህ መንገድ በገንዘብዎ የገዙት መድኃኒት ዕቃው ውስጥ ሳይቀር ሰብሉ ላይ ይውላል።

የወረቀትና የላስቲክ ከረጢት አይታጠብም። አራግፈው ይቅደዱትና ለብቻው ያስቀምጡ። በመድኃኒት የታሸ ዘር የነበረበት ከረጢትም እህል አይያዝበት።

ፈጽሞ የማይደረጉ

• ማቃጠል፦ ጭሱ መርዛማ ነው።
• በወንዝ፣ በጉድጓድ ወይም በመጸዳጃ ቤት መጣል፦ ውሃን ይበክላል።
• ማሳ ላይ መተው፦ ልጆች ይጫወቱበታል፤ ከብት ይልሰዋል፤ ንብም ከእጣቢው ይጠጣል።
• መሸጥ ወይም ለቆራሌው መስጠት።

ማከማቸትና ማስረከብ

የተበሱትን ዕቃዎች በአንድ ማዳበሪያ ከረጢት ሰብስበው ከመኖሪያ ቤት፣ ከእህል ጎተራና ከመኖ ርቆ በሚቆለፍ ቦታ ያስቀምጡ። ስለ ርክክቡ የቀበሌዎን የልማት ሠራተኛ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩን ወይም መድኃኒቱን የሸጠልዎትን ነጋዴ ይጠይቁ።

የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር በአዋጅ ቁጥር 674/2002 የሚመራ ነው። በዕቃው ላይ የተለጠፈውን የአጠቃቀምና የአወጋገድ መመሪያ መከተል ይኖርብዎታል። ለአንድ የምርት ወቅት ከሚበቃ በላይም አይግዙ። ሀገራችን ለዓመታት የተከማቹ፣ ጊዜ ያለፈባቸው ፀረ-ተባዮችን እንዲቃጠሉ እስከ ፊንላንድ ድረስ በመርከብ ለመላክ መገደዷ ይታወሳል።

ጎረቤትዎ ከቃልዎ ይልቅ ማሳዎን ያያል። ስለዚህ በሚቀጥለው ርጭት የልማት ቡድንዎን አባላት ጠርተው ሦስቱን እጥበት በተግባር ያሳዩ።