መዝገብ ላይ ያሉ፣ ክፍል ውስጥ የሌሉ

መስከረም ላይ መማሪያ ክፍሎች ጢም ብለው ይሞላሉ። ኅዳር ገብቶ አጨዳው ሲጀመር ግን ወንበሩ ይሳሳል። ማሽላ አብቃይ በሆኑ ወረዳዎች ልጆች ከአጨዳው በፊትም ማማ ላይ ወጥተው ወፍ ሲጠብቁ ይውላሉ። በገበያ ቀን ማን እንደሚቀር የገጠር መምህር ስም ሳይጠራ ያውቀዋል። ሆኖም ወደ ወረዳና ወደ ዞን በሚላከው ሪፖርት ጎልቶ የሚታየው የመስከረሙ ምዝገባ ነው።

ከክፍል መቅረትን ለመቀነስ ከተሞከሩት መፍትሔዎች ውስጥ ፍሬው በዓይን የታየው የተማሪዎች ምገባ ነው ብዬ አምናለሁ። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ድርቅ በሚያጠቃቸው አካባቢዎች ተማሪዎችን መመገብ የጀመረው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። በአፋርና በሶማሌ አርብቶ አደር ወረዳዎች ደግሞ ለሴት ተማሪዎች ወደ ቤት የሚወሰድ የምግብ ዘይት ይሰጥ ነበር፤ መስፈርቱም ከትምህርት ቀናቱ 80 በመቶውን መገኘት ነበር። ይህ መላ ልጅቷን ውኃ እንድትቀዳ ማስቀረትን ለቤተሰቡም ኪሳራ አደረገው። ወላጅን ጠርቶ ከመቆጣት ይልቅ ኑሮውን ያገናዘበ መፍትሔ ነበር።

ችግሩ በከተማም አለ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ቁርስ ሳይቀምሱ መጥተው ክፍል ውስጥ ራሳቸውን የሚስቱ ልጆች ነበሩ። ምሳ ዕቃ የሌለው ልጅ በእረፍት ሰዓት ከጓደኞቹ ይሸሻል፤ ሲብስበት ጭራሹን ይቀራል። የእናት ወግ በጎ አድራጎት ማኅበር የጀመረውን ምገባ የከተማ አስተዳደሩ ተረክቦ በራሱ በጀት አሰፋው። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የደንብ ልብስና ደብተር በነፃ ታደለ። ከምግብ አብሳዮቹ መካከል የተማሪዎቹ እናቶች አሉ፤ አንዲት እናት ደመወዝ ስታገኝ ልጇን ወደ ሥራ የምትልክበት አንዱ ምክንያት ይቀንሳል።

 

ቁርስና ምሳ ግን የኅዳርን አጨዳ አያስቀርም። ገበሬው ጉልበት የሚፈልገው በዚያው ሰሞን ነው፤ ዝናብ ከቀደመው የዓመት ልፋቱ ይበላሻል። ስለዚህ የትምህርት ቢሮዎች የተማሪዎችን እረፍት በየአካባቢው የመኸር ወቅት ላይ ያድርጉት፤ የባከነውንም ቀን በክረምቱ መግቢያ ያካክሱት። ከመስከረሙ ምዝገባ ጎን ደግሞ በኅዳር ስንቱ ክፍል እንደተገኘ ይጻፍ፤ በጀትም ሲደለደል ሁለቱም ቁጥሮች ጠረጴዛ ላይ ይቅረቡ።