የአሮጌ ጭነት መኪና ፍሬን

ከጭልጋ አይከል ተነሥቶ ወደ መተማ የሚወርድ የጭነት መኪና ከደጋ ወደ ቆላ ከ1400 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። መኪናው ከነጭነቱ 10 ቶን ቢመዝን፥ በዚህ ቁልቁለት የሚለቀው ጉልበት 400 ሊትር ያህል ውሃ ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ የሚበቃ ነው። ከፊሉን ሞተሩ በከባድ ማርሽ ይይዘዋል፤ ከቀረው የሚበዛው በፍሬኑ ላይ ያርፋል። ቆላው ራሱ ሞቃት በመሆኑም የጋለው ብረት ቶሎ አይበርድም።

መኪናው ያረጀ እንደ ሆነ ችግሩ ይብሳል። በአገራችን «ኤንትሬ» እየተባለ የሚታወቀው ፊያት 682 እ.ኤ.አ. በ1952 መሠራት ጀምሮ በ1988 ቆሟል፤ «ትሬ» በጣሊያንኛ ሦስት ማለት ነው። ሱዳኖች ለብዙ ዘመን የተገለገሉበት የእንግሊዙ ቤድፎርድም፥ የጭነት መኪና ፋብሪካው በ1987 እ.ኤ.አ. ለሌላ ባለቤት ከተሸጠ በኋላ እየተመናመነ ሄዷል። እንግዲህ መኪናው ከሠሪው ይልቅ ዕድሜ አግኝቷል ማለት ነው። መለዋወጫ የሚፈልግ ሰው ወይ ወደ አዲስ አበባ፥ ወደ መርካቶው ሶማሌ ተራ መዝለቅ፥ ወይም ከድንበሩ ማዶ በገዳሪፍ ማፈላለግ ይኖርበታል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን የተነሣው ጦርነት ግን ይህን ሁለተኛውን መንገድ አስተጓጉሎታል።

ፈላጊው ከመኪናው ስም ይልቅ የዕቃውን ልክ ይዞ መሄድ ይገባዋል። አንድ ዓይነት ዕቃ በልዩ ልዩ መኪናዎች ላይ ሊገጠም ስለሚችል፥ ስሙ የጠፋው በልኩ ይገኛል። የቤድፎርድ ልክ በኢንች ነው፤ አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። እዚህ ላይ «ተቀራራቢ ነው» ብሎ መግዛት አደጋ አለው። በዘይት በሚሠራ ፍሬን፥ አንድ ኢንች ስፋት ባለው የጎማ ሲሊንደር ፈንታ የአንድ ኢንች ከስምንተኛ ቢገጠም፥ ስፋቱ በጥቂቱ ቢጨምርም የሚገፋው ኀይል ከሩብ በላይ ያድጋል። ይህ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ፥ ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር መኪናው ወደዚያው ወገን ይጎትታል።

ተፈልጎ ያልተገኘውስ ይሠራል? መልሱ እንደ ዕቃው ነው። የፍሬን ሸራ በልኩ ተቆርጦ፥ ከመዳብ ወይም ከሌላ ለስላሳ ብረት በተሠራ ሪቬት ሊመታ ይችላል። ጥሩ ባለሙያ ከመካከል ጀምሮ ወደ ዳርና ዳር ይመታል፤ ከዳር የጀመረ እንደ ሆነ ሸራው መካከሉ ላይ ያብጥና ከብረቱ ጋር አይገናኝም። የሪቬቱ ራስ በሸራው ውስጥ ጠልቆ መቀበር አለበት፤ አለዚያ ሸራው ጥቂት እንዳለቀ ራሱ ወጥቶ ታምቡሩን ይቦረቡረዋል።

የተቦረቦረ ታምቡር በቶርኖ ይስተካከላል፤ ይሁን እንጂ በተላገ ቁጥር ይሳሳል። የሳሳ ታምቡር ሙቀት የመያዝ ዐቅሙ ስለሚቀንስ በቁልቁለት ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል። ታምቡር በአብዛኛው ከቀለጠ ብረት በቅርጽ የሚፈስ ስለሆነ፥ የተሰነጠቀውን በብየዳ ማዳን ከቶ አይሞከርም። በዝገት የተበላ ሲሊንደር ግን በቶርኖ ሰፍቶ፥ ከነሐስ ወይም ከማይዝግ ብረት የተሠራ ቀጭን ቱቦ ቢገባበት ወደ ቀድሞ ልኩ ይመለሳል። በእኔ ግምት ከጥገናዎቹ ሁሉ ብልሃት ያለበት ይህ ነው፤ በገበያ ላይ ያለው ላስቲክ ልክ እንዲሆን የሚያደርገው ብረቱን ማስተካከል ነውና።

ላስቲኩ ራሱ ከአሮጌ ካላማዳሪያ ተቆርጦ መሠራት የለበትም። ከንፈሩ በዘይቱ ግፊት ተከፍቶ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር እንዲጣበቅ ሆኖ በቅርጽ የተሠራ ነው፤ በመቀስ የሚቆረጥ ነገር ይህን ቅርጽ አያገኝም። ለዚህ ፍሬን የተሠራው ላስቲክ ከሞተር ዘይት ጋርም አይስማማም። የፍሬን ዘይት ጠፋ ተብሎ የሞተር ዘይት ቢጨመር፥ ላስቲኩ ያብጥና ፍሬኑ ይዞ ይቀራል ወይም ያፈሳል።

የድሮው ሸራ ሲነቀል ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ ሸራዎች አስቤስቶስ አለባቸው፤ አቧራው ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ መካኒኩ ታምቡሩን በኮምፕሬሰር አየር ወይም በአፉ ከመንፋት ተቆጥቦ፥ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ጨርቁን በላስቲክ ከረጢት አስሮ ያስወግዳል።