ያውቁ ኖሯል? ለመጀመሪያው ተለባሽ ኮምፒውተርዎ ዕቃ ሲመርጡ

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ተለባሽ ኮምፒውተር የተሠራው በሩሌት ቁማር ኳሷ የት እንደምታርፍ ለመገመት መሆኑን ያውቁ ኖሯል? የሒሳብ ሊቁ ኤድዋርድ ቶርፕና የመረጃ ንድፈ ሐሳብ አባት የሚባለው ክሎድ ሻነን በ1961 የሠሩት ይህ መሣሪያ የሲጋራ ፓኮ ያክል ነበር፤ ውስጡ ያሉት ትራንዚስተሮች 12 ብቻ ናቸው። አንደኛው ሰው ጫማው ውስጥ የተደበቀውን ቁልፍ በእግሩ አውራ ጣት እየተጫነ የኳሷን ፍጥነት ይመዘግባል፤ መልሱ ደግሞ ለአስያዡ በጆሮው በድምፅ ቃና ይደርሰዋል። ላስ ቬጋስ ሄደው ሲሞክሩት ስሌቱ ሠራ። ያስመረራቸው ወደ ጆሮ የሚወጣው ቀጭን ሽቦ ነው፤ በየጊዜው ይበጠስ ነበር።

ከ60 ዓመት በኋላም ቤት ውስጥ በሚሠራ ተለባሽ ኮምፒውተር ላይ ቀድሞ እጅ የሚሰጠው ሽቦ ነው። ውስጡ አንድ ድፍን መዳብ ያለው ሽቦ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ይሰበራል። ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉትና በሲሊኮን የተለበጠው ግን እጥፋቱን ይችላል። እሱም ቢሆን ስታኞ የነካው ጫፉ ስለሚደርቅ የሚቆረጠው እዚያው የብየዳው ሥር ነው። ስለዚህ ከብየዳው ትንሽ አለፍ ብሎ ሽቦውን ከቦርዱ ጋር በሙጫ ወይም በክር ማሰር ያስፈልጋል። ካውያና ስታኞ ከሌለዎት ሞባይል ጠጋኞች ዘንድ ጎራ ይበሉ፤ ሥራውን ያውቁታል።

ያውቁ ኖሯል? ታድ ስታርነር የተባለው ተመራማሪ ከ1993 ጀምሮ ኮምፒውተር ለብሶ ይውል ነበር። «ሊዚ» ተብሎ የሚጠራው ይህ ኮምፒውተር ስሙን ያገኘው ከፎርድ ኩባንያ የድሮ ሞዴል ቲ መኪና ቅጽል ስም ነው። ዓይን ፊት የሚንጠለጠለው «ፕራይቬት አይ» የተባለው ስክሪን በአንድ ዓምድ የተደረደሩ 280 ቀይ መብራቶች ብቻ ነበሩት፤ የሚንቀጠቀጥ መስታወት ያንን አንድ ዓምድ ወደ ጎን እየዘረጋ 720 ነጥብ ስፋት ያለው ምስል ያደርገዋል። ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ከቪዲዮ ካሜራ ባትሪ ነው። ስታርነር በኋላ በጎግል ግላስ መነጽር ሥራ ከቴክኒክ መሪዎቹ አንዱ ሆኗል።

ከዚህ ሰው ሥራ የምወስደው አንድ ነገር አለ፤ ጀማሪዎች ሁሉ ቢሰሙት እወዳለሁ። ገበያ የሚወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ፕሮሰሰር ይፈጥናል?» ብሎ ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። በቅድሚያ ዓይን የሚያየው፣ ቀጥሎ ጣት የሚነካው፣ ከዚያ ወገብ የሚሸከመው ይመረጥ፤ ፕሮሰሰሩ መጨረሻ ይምጣ።

ስለ ፕሮሰሰሩ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ራስፕቤሪ ፓይ ዜሮ የተባለው ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ በኅዳር 2015 ሲወጣ ዋጋው 5 ዶላር ነበር፤ ርዝመቱ 65 ወርዱ 30 ሚሊሜትር ነው። ያኔ ከአንድ መጽሔት ሽፋን ጋር ተያይዞ በነጻ እንደታደለ ያውቁ ኖሯል? በ2021 የመጣው ዜሮ 2 ደብልዩ ደግሞ አራት ኮር ይዞ 15 ዶላር ይሸጥ ጀመር።

ልዩነታቸው ጎልቶ የሚታየው ባትሪው ላይ ነው። ምንም ያልተሰካበት የመጀመሪያው ዜሮ ሲሠራ ወደ 100 ሚሊአምፒር ይወስዳል፤ ዜሮ 2 ደብልዩ ወደ 350። የ2,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ሊቲየም ባትሪ በ3.7 ቮልት ሲባዛ 7.4 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ወደ 5 ቮልት ሲቀየር አሥር በመቶ ያህሉ በሙቀት መልክ ቢባክን 6.6 ገደማ ይቀራል። በዚህ ሒሳብ የመጀመሪያው ዜሮ 13 ሰዓት ሲሄድ ጉልበተኛው አራት ሰዓት አይሞላም። ስክሪኑ ገና አልተቆጠረም! ሥራዎ ማስታወሻ መያዝና ሰዓት ማሳየት ከሆነ ደካማው ይሻልዎታል።

ያውቁ ኖሯል? 18650 የሚባለው ባትሪ ስሙ ልኩ ነው፦ ውፍረቱ 18፣ ቁመቱ 65 ሚሊሜትር። ደህናው ባብዛኛው ከ2,000 እስከ 3,500 ሚሊአምፒር-ሰዓት ይይዛል፤ 9,900 የሚል የተለጠፈበት ካዩ ይለፉት። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ባትሪ ርካሽ ነው፤ ሆኖም ሰውነት ላይ ለሚታሰር ነገር አልመክረውም። ለጀማሪ የሚበጀው መከላከያ ሰርኪዩት ያለው ፓወር ባንክ ነው። አንዳንዱ ፓወር ባንክ የሚወሰድበት ኤሌክትሪክ ሲያንስ «ምንም አልተሰካም» ብሎ ራሱን ያጠፋል፤ ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ቦርዱን ሰክተው ጥቂት ይጠብቁ። በአውሮፕላን የሚጓዙ ከሆነ ፓወር ባንኩ በእጅ ሻንጣ ነው የሚገባው፤ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈውም እስከ 100 ዋት-ሰዓት ነው። 10,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት የተጻፈበት 37 ዋት-ሰዓት ብቻ ስለሆነ ስጋት የለበትም።

ለ8 ሰዓትና ከዚያ በላይ ቆዳ የሚነካ ነገር ሙቀቱ ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዳያልፍ የደኅንነት መስፈርቶች ይመክራሉ። ቦርዱና ቆዳዎ መካከል ጨርቅና አየር ያስገቡ። ባትሪውንም ለብሰውት ቻርጅ አያድርጉ።

ያውቁ ኖሯል? በየዕቃ መሸጫው የሚገኘው 0.96 ኢንች ኦሌድ ስክሪን ወደ ጎን 128፣ ወደ ታች 64 ነጥቦች አሉት፤ ኤሌክትሪክ የሚበላውም የበራው ነጥብ ብቻ ስለሆነ ጥቁር መደብ ላይ በነጭ መጻፍ ባትሪ ያተርፋል። በአማርኛ ልንጽፍበት ስናስብ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። የላቲን ፊደል በ8 ነጥብ ቁመት ይነበባል፤ «ጭ»ን ከ«ጬ»፣ «ሕ»ን ከ«ሐ» ለመለየት 16 በ16 ያስፈልጋል ባይ ነኝ። ያ ማለት በአንድ መስመር 8 ፊደል፣ በ4 መስመር በጠቅላላው 32 ፊደል ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ቢሆንም የነዚህ ትንንሽ ስክሪኖች ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ ይዘው የሚመጡት የላቲኑን ፊደል ብቻ ስለሆነ የእኛን በነጥብ ስሎ መጫን የእርስዎ ፋንታ ነው። አማርኛ ሊያነቡበት ከሆነ ከፍ ያለውን ስክሪን ይግዙ፤ የሚቆጠቡት ብር ዓይንዎን አይክስም።

የጣቱ ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። የኮምፒውተር ተመራማሪው ዳግላስ ኤንግልባርት በታኅሣሥ 1968 ባሳየው ዝነኛ የኮምፒውተር ትርኢት ላይ በአንድ እጅ የሚመታ ባለ5 ቁልፍ ሰሌዳ ነበረው፤ ፊደሉ የሚወጣው ቁልፎቹን እንደ ክራር አውታር በአንድ ጊዜ በማጣመር ነው። አምስት ቁልፍ 31 ጥምረት ይሰጣል። ለ26ቱ የላቲን ፊደላት ይተርፋል፤ ለእኛ 33 ፊደላት ግን ሁለት ይጎድለዋል። ስድስተኛ ቁልፍ ሲጨመር ጥምረቱ 63 ይደርሳል፤ ያኔ አንዱ ምት ፊደሉን፣ ቀጣዩ ምት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ቤት ቢመርጥ 231ዱንም መጻፍ ይቻላል። ይህን ሰሌዳ ስድስት ማብሪያ ገዝቶ የሚሞክር ወጣት ቢገኝ ደስታዬ ወሰን የለውም።

ያውቁ ኖሯል? ፓይ ዜሮ ሲጠፋ ሰዓቱን አይዝም፤ ኔትወርክ ካላገኘ የተሳሳተ ቀን ይነግርዎታል። ዲኤስ3231 የተባለችው የሰዓት ቺፕ ከክብ ባትሪዋ ጋር ስትጨመር በዓመት የምትስተው አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ስድስት ሰዓት መቀነሱንና ጳጉሜን መቁጠሩን ፕሮግራሙ ላይ ያስገቡት።

የማጥፊያ ቁልፍም አይርሱ። ኤሌክትሪክ በድንገት ሲቋረጥ ሚሞሪ ካርዱ ላይ ያለው ሊበላሽ ይችላል።

ጄፍ ሃውኪንስ በ1996 ለገበያ የቀረበውን ፓልም ፓይለት የተባለ የኪስ ኮምፒውተር ከመሥራቱ በፊት መጠኑን የመሰለ እንጨት ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞር እንደነበር ያውቁ ኖሯል? እርስዎም ባዶ ካርቶን ውስጥ የባትሪውንና የቦርዱን ያክል ክብደት ጨምረው ቀበቶዎ ላይ ይሰሩትና አንድ ቀን ይዋሉበት። ሚኒባስ ውስጥ ሲቀመጡ ጎንዎን ከወጋዎ ወደ ዳሌ ወይም ወደ ክንድዎ ጀርባ ያዛውሩት፤ እስካሁን ከኪስዎ የወጣ ብር የለም።